ዘጠኝ የተጻፈበት ሣጥን

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የልጄ አፓርትመንት ውስጥ ቁጭ ብዬ የታጠበ ልብስ ሳጥፍ፣ ከምግብ ጠረጴዛው በኩል የመጣ ሽታ የልጄን ሸሚዝ በእጄ እንደያዝኩ አስቀረኝ። ያረረ ወጥ ሽታ አልነበረም፤ ፕላስቲክ ሲቃጠል እንደሚሰነፍጠውም አልነበረም። የሞቀ ቫርኒሽ፣ የቆየ አቧራና ፀሐይ የመታው የሣጥን እንጨት አንድ ላይ ሆነው የሚሸቱት ሽታ ነው። አፍንጫ ይህን ሁሉ ዘመን ያላገኘውን ነገር የት አስቀምጦ እንደሚያቆየው አላውቅም፤ እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ጠረጴዛው ጋ ሳልደርስ ደሴ ደርሼ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የልጅ ልጄ ማህሌት ዕቃዋን ዘርግታለች። ማሂ ነው የምንላት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ልጄ ሰሎሞን ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ይህችን ልጅ የምናሳድገው እኔና እሱ ነን፤ እኔም ግማሹን ወር እዚህ ከነሱ ጋር፣ ግማሹን ከዚህ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከሴት ልጄ ከአስቴር ጋር እኖራለሁ። ማሂም ቅዳሜ ቅዳሜ አስቴር ጋ እየሄደች እዚያ ሰፈር ለልጆች የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ትማራለች። እኔ አሌክሳንድሪያ በምሆንበት ጊዜ እዚህ በረንዳ ላይ የተከልኳቸው በሶብላና ጤና አዳም የሚያጠጣቸው አጥተው ይደርቃሉ፤ ሰሎሞንን ብጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ «ነገ ላጠጣ ነበር» ነው። ማሂ ይህን አይታ «እማማ፣ አፈሩ ሲደርቅ በራሱ የሚያጠጣ ማሽን እሠራልዎታለሁ» አለችኝ። አንቱ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሌላው አማርኛዋ ቢወላገድም ይህቺን አጥብቃ ይዛለች።

ተልኮ የመጣላት ዕቃ ብዙ አይደለም። መዳፍ የማትሞላ ቦርድ አለች፣ አውራ ጣት የምታህል የውሃ ፓምፕ አለች፣ አፈር ውስጥ ተተክሎ ድርቀቱን የሚያውቅ ሹካ መሳይ ነገር አለ፤ ቀሪው ቀይና ጥቁር ሽቦ ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰካው አዳፕተር ግን አብሮ አልመጣም፤ ዘጠኝ ቮልት የሚሰጥ ፈልጉ ተብሏል። ማሂ ይህን ስታነብልኝ ልቤ ዘለለ። ዘጠኝ! እኔ ዘጠኝ አለኝ! አልጋዬ ሥር ካለው ሻንጣ፣ በአሮጌ ነጠላ የጠቀለልኩትን፣ የደሴው ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው የሠራውን ሣጥን አወጣሁላት። የጡብ መጠን ያለው የእንጨት ሣጥን ነው፤ ጎኑ በምስማር የተበሳሳ፣ ከላዩ በቀይ ቀለም ትልቅ ዘጠኝ የተጻፈበት። ወደዚህ አገር ስመጣ አውሮፕላን ጣቢያ ከሻንጣዬ አውጥተው ሲያገላብጡት፣ በጨርቅ ሲጠራርጉት፣ ሰው እየጠሩ ሲያሳዩት የቆዩት እሱን ነው፤ በርበሬዬን ዞር ብለውም አላዩት። ክብ ጥርስ ያለው ስፒናው ከዚህ አገር ግድግዳ ጋር አልገጥም ሲል፣ ሰሎሞን ለመንገድ የሚይዛትን መቀየሪያ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠን። ገጠምነው፤ ገባ። የገባ ነገር ይሠራል ብለን ሦስታችንም አመንን።

ሠራ ለማለትም አልሠራም ለማለትም ያስቸግራል። ሣጥኑ በቀስታ እምም አለ፣ የቦርዷ ቀይ መብራት በራች፣ እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አፈሩ ደርቆ ፓምፗ መነሣት ሲኖርባት ግን አንድ ጊዜ ትቃትትና መብራቷ ድርግም ትላለች፤ ከዚያ መብራቷ ተመልሳ ትበራለች፣ ፓምፗ እንደገና ትቃትታለች፣ መብራቷ እንደገና ትጠፋለች፤ ስርቅታ እንደያዘው ሕፃን። ጠብታ ውሃ አልወጣም። ማሂ ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየመጣች ሽቦ ስትፈታና ስታስር ሰነበተች። የትምህርቱ ማብቂያ ደርሷል፤ ከሳምንት በኋላ ባለው በመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም ልጅ የሠራውን ይዞ ይቀርባል፤ የሷ ደግሞ ስርቅታውን አልተወም። ያን ዓርብ ተስፋ ሳትቆርጥ እንደተሰካ ትታው ስታየው ሣጥኑ ሞቀ፣ ሸተተም።

ሰሎሞን የገባው በዚህ መካከል ነው። ቀኑን ሙሉ በጭነት መኪና ዕቃ ሲያድል ውሎ በሩን ከፈተ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ አሸተተ።

«ምንድነው ያቃጠልሽው ማሂ?»

«ዳዲ፣ አይ ዲድንት በርን ኤኒቲንግ!»

«ታዲያ ማነው? እኔ ሥራ ነው የዋልኩት። ያንቺ ሽቦ ነው! ሁለተኛ እዚህ ቤት ውስጥ አላየውም፤ የቅዳሜው ትምህርትም በቃ!»

ስፒናውን ነቀለና ቦርዷንም ፓምፗንም ሣጥኑንም ባንድነት ጠራርጎ የገበያ ፌስታል ውስጥ ጨመራቸው፤ በሩ ሥር አስቀመጠው። የፈራበትን ምክንያት አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ላንግሊ ፓርክ የሚኖር ጓደኛው ሕንፃው ተቃጥሎበት፣ የለበሳትን ጃኬት ብቻ ይዞ መጥቶ እዚህ ሶፋ ላይ ነው የሰነበተው። ልጄ ከዚያ ወዲህ ከቤት ሲወጣ ምድጃውን ሁለቴ ሳይነካ አይወጣም። ስለዚህ ጩኸቱ አላስቀየመኝም። ያስደነገጠኝ እጁ ነው። «ያንቺ ነው» ሲል ጣቱን ወደ ልጅቱ የቀሰረበት አኳኋን፣ ክንዱን እስከ ጫፉ ዘርግቶ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ፣ የድሮ አከራያችን የእትዬ ደብሪቱ ነበር። እሱ ከመወለዱ በፊት የሞቱ ሴትዮ ልጄ እጅ ውስጥ ገብተው አየኋቸው።

ደሴ የነበርንበት ግቢ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ጭጋጉ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ከተራራው ወርዶ አጥሩ ላይ ይንጠለጠልና ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል፤ ልብስ ቢሰጣ አይደርቅም፣ ክብሪት ቢጫር አይነድም፣ የእኛ የልጆቹ አፍንጫ ከመስከረም እስከ መስከረም አይደርቅም። ግቢው የእትዬ ደብሪቱ ነበር። አሁንም እሳቸው የምላቸው እንዲህ ተቆንጥጬ ስላደግሁ ነው እንጂ የሚገባቸው ሆኖ አይደለም። ቆጣሪው ትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ የሚነሣው ሽቦ በኮኩ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል አልፎ ወደ እኛ ወደ ተከራዮቹ ክፍሎች ይመጣል፤ ሲያድሉንም አምፖል እንጂ ሶኬት አያድሉንም።

እኛና ጋሽ በላቸው በአንድ አምፖል ነበር የምንኖረው። በሁለታችን ቤት መካከል ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ድፎ ዳቦ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተበስቶ አምፖሉ እዚያ መሀል ተንጠልጥሏል፤ ግማሹ ለሱ፣ ግማሹ ለኛ። ነፋስ ሲገባ ይወዛወዝና ብርሃኑ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል። አባቴ በመጥረጊያ እንጨት ወደ እኛ ገፋ ያደርገዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ከዚያ ወገን የጋሽ በላቸው ጣት ብቅ ትልና በትሕትና መለስ ታደርገዋለች። በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን በቃል ተነጋግረው አያውቁም። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው አምፖሉ ወደ እኛ ሲያዘነብል ነው፤ ወደዚያ ሲሄድ እርሳሴን አንሥቼ እጠብቃለሁ። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ጽሕፈቴ ለተወላገደው ግን እስከዛሬ የማመካኘው በዚያ አምፖል ነው።

ጋሽ በላቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሱቅ አልነበረውም፤ አልጋው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ናት ሱቁ። ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ የሚናገረው ሁሉ በጥርሱ መካከል ተጨምቆ ነው የሚወጣው፤ ኮቱ ደግሞ የመበየጃው ብረት ባረፈበት ሁሉ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ለሥራው ብሎ ደጋግሞ ቢለምናቸው እትዬ ደብሪቱ ከግቢው ተከራይ ሁሉ ለሱ ብቻ አንድ ሶኬት ፈቀዱለት። እኔ ባለ ሦስት እግሯ ዱካ ላይ ቆሜ በቀዳዳው በኩል አየዋለሁ። ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ፣ እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ፣ ከዚያ ድንገት ከማይታወቅ አገር የሚመጣ ዘፈን፤ ጭጋግ ለዋጠው ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

አባቴ የሆስፒታል ዘበኛ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛት ሬዲዮ ድምጿ ጥሩ ሆኖ ባትሪ ትበላለች። ባትሪው ሲደክም መስኮቱ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ፀሐይ በጠፋ ቀን እናቴ ደረቷ ውስጥ ታደርገዋለች፤ ያም አልሆን ሲል አባቴ በጥርሱ ሰርጎድ ሰርጎድ ያደርገውና ለአንድ ዜና የሚሆን ነፍስ ይሰጠዋል። ዶሮ እንዳታንከባልለው የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጋሽ በላቸው ይህንን ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን ከሳሙና ሣጥን ጣውላ ቆርጦ ሥራ ጀመረ። ፀጉር የሚያህል ቀጭን ሽቦ በብረት ላይ እየቆጠረ ሲጠመጥም ሰላም ብትለው አይመልስም፤ ቁጥሩ ይጠፋበታላ። ሲጨርስ ቫርኒሽ ቀባው፣ በላዩ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ፣ በሶኬቱ ሰክቶ ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጠውና የሬዲዮዋን ሽቦ ወደ እኛ አሾልኮ አቀበለን። የዚያን ለት ሬዲዮዋ ያለ ባትሪ ስትዘፍን እናቴ ከኋላዋ ሄዳ ተመለከተች፣ የሚያታልላት ሰው ያለ መስሏት። ሣጥኑ ከዘፈኑ ሥር እንደ ንብ እምም ይላል፤ ሲሞቅ ያ ሽታ ይወጣዋል። ድመታችን ከምድጃው ዳር ለቃ ቀዳዳው ውስጥ እሱ ላይ መተኛት ጀመረች፤ አንዳንዴም ጅራቷ አምፖሉን ይጋርድና በሁለቱም ቤት ጩኸት ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት የግቢው መብራት ይደክም ጀመር። ድንገት የአምፖሉ ክር እንደ ፍም ይቀላና ሁላችንም ፊታችን ጠይም ይሆናል፤ ቆይቶ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ጭራሹን ጠፋ፤ ፊውዙ ተቃጠለ። እትዬ ደብሪቱ የግቢውን ሰው ኮኩ ዛፍ ሥር ሰበሰቡና ክንዳቸውን እስከ ጫፉ ዘርግተው በጋሽ በላቸው ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይኼ ነው! የኔን መብራት ጠጥቶ የጨረሰው ይኼ ነው። እሱ ሳያንሰው በቀዳዳ ለጎረቤት ያድላል!»

ጋሽ በላቸው ብሎኑን ከከንፈሩ አውጥቶ እጁ ላይ ያዘው። በጥርሱ መካከል ሳይሆን በሙሉ አፉ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እመቤቴ፣ መጀመሪያ የኔን ሶኬት ነቅላችሁ እዩ። ተነቅሎ መብራቱ ካልደከመ ጥፋቱ የኔ ነው። ከደከመ ግን የሌላውንም እየነቀላችሁ እዩ። ከዚያ ፍረዱብኝ።»

«የሌባ ሶኬት ተነቅሎ አይታይም፣ ይቆረጣል እንጂ!» አሉ።

ከተሰበሰበው ሰው ነቅለን እንይ ያለ የለም። ነቅሎ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የሚጠይቀው አንድ እጅ ብቻ ነው። የወንድማቸው ልጅ ፒንሳ ይዞ ዛፉ ላይ ወጣና ወደ ጋሽ በላቸው ቤት የሚሄደውን ሽቦ ቆረጠው። በዚህም አልበቃቸውም፤ ከኛ አምፖል ብርሃን እንዳይሰርቅ ብለው ቀዳዳውን በሱ ወገን በጣውላ አስመትተው ጭቃ አስለቀለቁበት። ያን ምሽት ቤታችን ከወትሮው እጥፍ በራ። አምፖሉ አይወዛወዝም፣ ብርሃኑ ወደዚያ አይሄድም፣ ሁሉም የኛ ሆነ፤ እርሳሴን ማንሣት ቀረልኝ። እንደዚያን ለት ብርሃን የጠላሁት ብርሃን በዕድሜዬ የለም። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ በላቸው በጨለማ ሲዳብስ፣ ጠረጴዛውን ሲገጭ ይሰማናል፤ አባቴ ራቱን ሳይጨርስ ተኛ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምፖሉ እንደገና ቀላ። ጋሽ በላቸው ሽቦ የለውም፣ ሶኬት የለውም፤ መብራቱ ግን ይደክማል። ወደ ግቢው ወጣሁ። በትልቁ ቤት መስኮት እትዬ ደብሪቱ ከአስመራ ያስመጡትን፣ ከነሱ በቀር በሰፈሩ ማንም የሌለውን የኤሌክትሪክ ካውያ ይዘው የባላቸውን ሸሚዝ ይተኩሳሉ። ካውያውን ሲያነሡትና ሲነቅሉት መብራቱ ተመለሰ። ሲሰኩት ቀላ። እኔም ኮኩ ሥር ቆሜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ካውያው ነው! ካውያው ነው! ጋሽ በላቸው አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ። እናቴ ከጓዳ እንደ ጥይት ወጥታ አፌን በመዳፏ ያዘች፤ በሌላው እጇ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «እኛንም ልታስወጪን ነው?» አለችኝ በጆሮዬ። ያን ጊዜ ተቀየምኳት፤ ልጆች ይዤ በሰው ቤት ከኖርኩ በኋላ ነው የገባኝ።

የጮኽሁትን ሁሉም ሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አምፖሉ ሲቀላ የግቢው ሰው እርስ በርሱ ይተያይና አንገቱን ይደፋል። ጋሽ በላቸው አንድ ጠዋት ሬዲዮዎቹን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በአህያ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። አባቴ ሣጥኑን ሊመልስለት ይዞ ቢወጣ «ለሬዲዮዋ ነው የሠራሁት፤ ሬዲዮዋ ያለችው እናንተ ጋ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ጭጋጉ ከአጥሩ ሳይርቅ ዋጠው። እኛም ባትሪያችንን መስኮት ላይ ወደ ማስጣት ተመለስን። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ቁልቁለት ነው። ወርዶ «በድለንሃል» ያለው ሰው ግን የለም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወሬውም ጠፋ።

እና ያን ዓርብ ለት ያ ክንድ በልጅ ልጄ ላይ ሲዘረጋ ሳይ ወንበሬን ጎትቼ በሩ ሥር፣ ፌስታሉ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«እማዬ ምን መሆንሽ ነው?»

«ይህን ቆሻሻ ላይ የምትጥል ከሆነ እኔንም ጨምረህ ውሰደኝ። ነቅለህ ሳታይ ፈረድክ።»

«ነቀልኩት እኮ!»

«ሁሉንም ባንድ ላይ ነቅለህ ሁሉንም ባንድ ላይ ነው የኮነንከው። አንድ በአንድ ይታያል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽምግልና እንቀመጣለን፤ አንተም ትቀመጣለህ።»

ሰሎሞን ጣሪያውን አየ። ግን እናቱን ያውቃል፤ ወንበሩ ላይ እንደማድር ገብቶታል። በማግስቱ ቅዳሜ ማሂ ከአሌክሳንድሪያ ቀረች፤ አስቴር ደውላ ለምን ስትል «ጉዳዩ ሽማግሌ ይዞታል» አልኳት፤ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅሁም።

እሑድ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍንና ባለጉዳዮቹን አራርቀን አስቀመጥናቸው። እኔ መሀል፣ ማሂ በቀኝ፣ አባቷ በግራ። ሕጉን ነገርኳቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተነቅሎ ይጠብቃል፣ ማንም የማንንም ቃል አያቋርጥም። ኃይል የሚሰጠን ማን ይሁን ስንል ማሂ የሪሞት ባትሪ ስድስት ሲደረደር ዘጠኝ ይሆናል አለች። ከቴሌቪዥኑ ሪሞትም፣ ከግድግዳው ሰዓትም፣ ከየመሳቢያውም ሰበሰብን፤ ሰሎሞን ሊያየው የነበረውን ኳስ በዓይኑ ተሰናበተው።

ፓምፗ ብቻዋን ቀረበች። ባትሪው ሲነካት ተፈተለችና ከብርጭቆው የጠጣችውን ውሃ የሰሎሞን ሱሪ ላይ ተፋችው። «ነፃ ናት» አልኩ። ቦርዷ ብቻዋን ቀረበች፤ መብራቷ ፍንክች ሳትል በራች። ሹካው ደረቅ አፈር ውስጥ ሲገባ ደረቅ አለ፣ እርጥብ ውስጥ ሲገባ እርጥብ አለ። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ እየተቀየሩ ታዩ። በመጨረሻ ሁሉንም ከባትሪው ጋር አገናኘናቸው፤ ፓምፗ ሳትቃትት ተነሣች፣ ውሃው ወደ በሶብላው ወረደ።

«ሲ? ዳዲ፣ ሲ? አይ ቶልድ ዩ!»

ሰሎሞን ጨርቁ ላይ ብቻውን የቀረውን እያየ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ የቀረው ያንቺ ሣጥን ነው» አለ።

አውቄዋለሁ። ፓምፗ ነፃ ስትወጣ ጀምሮ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሆዴ ነግሮኛል። በዚያች ቅጽበት ልጅቱ ነፃ ከወጣች ይበቃል፣ ጨርቁን እናንሣ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ይቅረብ» አልኩ።

ሰሎሞን በመቀየሪያዋ አድርጎ ሰካው፤ ማሂ ቮልት የሚለካውን ቢጫ መለኪያዋን አውጥታ ሁለቱን ጫፎቹን በሣጥኑ አፍ ላይ አስነካች። ዘጠኝ የተጻፈበት ሣጥን አምስት እንኳ አልሞላም።

«መለኪያሽ ይዋሻል!» አልኳት።

ልጅቱ ሳትቆጣ ጫፎቹን ባትሪዎቹ ላይ አስነካችው። ዘጠኝ አለ። መለኪያው አይዋሽም። ወደ ሣጥኑ መለሰችው፤ አሁንም አምስት አይሞላም። ያ ሰው ቁጥር እንዳይሳሳት ብሎ ሰላምታ የማይመልስ ሰው ነው። «ነቅላችሁ እዩ» ባለው በራሱ መንገድ፣ እኔው ሰብስቤ፣ እኔው ሕግ አውጥቼ፣ ሁለተኛ ጊዜ ልፈርድበት ነው።

«ጋሽ በላቸው ሐሰት አይጽፍም» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አነሰኝ።

ሰሎሞን ስፒናውን ነቀለና መቀየሪያዋን እጁ ላይ ያገላብጣት ጀመር። ድንገት ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«እማዬ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ የፀጉር መቁረጫዬን በዚችው መቀየሪያ ሰክቼ ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ?»

«ጭሶ ተቃጠለ። ግማሽ ራስህን ተላጭተህ ሠርግ ሄድክ።»

«እዚያ ግድግዳው ሁለት መቶ ሃያ ነው የሚሰጠው፤ እዚህ የዚያ ግማሽ ነው። መቀየሪያዋ ጥርሱን እንጂ ኃይሉን አትቀይርም። የኔ መቁረጫ እጥፍ ሲሰጠው ተቃጠለ፤ ይኼ ደግሞ ግማሽ ነው የደረሰው።»

ማሂ በጣቷ አሰላች። «ሃፍ ገባ፣ ሃፍ ወጣ! እማማ፣ ቦክሱ ትክክል ነው! ሂ ዋዝ ራይት!»

ሣጥኑን ወደ ራሴ ሳብኩት። ሣጥኑ ለሙሉ ነው የተሠራው። ግማሽ ሰጥተነው የሙሉ ሥራ ጠየቅነው፤ ያለውን ሁሉ እየገፋ ሞቀ፣ ሸተተ፤ እኛም ቃጠሎ አልነው።

«ፍርዱን ስሙ» አልኩ በመጨረሻ። «ሣጥኑ ነፃ ነው፤ ማሂም ነፃ ናት። ሣጥኑን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ መቀየሪያዋን የሰጠኸን አንተ ነህ፤ ጥርሱ ገባ ብለን ዝም ያልነው እኔና አንተ ነን። ልጅቱን ግን የኮነንካት አንተ ብቻ ነህ።»

ሰሎሞን ወደ ልጁ ዞረ። ትልቅ ሰው ነው፤ በኔ ፊት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ይቅርታ ማሂዬ። ሳላይ ነው የጮኽኩብሽ። ቅዳሜ እኔ ራሴ ነኝ የምወስድሽ።»

«ኢትስ ኦኬ» አለች፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ተነሥታም አንገቱ ሥር ገባች። ይህቺ ናት ነገሩ። ከዚህ የበለጠ ጊዜ አትፈጅም፤ ኮኩ ዛፍ ሥርም አትፈጅም ነበር።

ማሂ ከዚያ ኃይልን እጥፍ የሚያደርግ ዕቃ እንደሚሸጥ ነገረችኝ፤ ለሣጥኑ የሚገባውን እንስጠው አለች። ልቤ ተነሣ። ሰሎሞን ግን ብሎኑን ፈትቶ ክዳኑን ከፈተና አሳየኝ። ሽቦዎቹ የተሸፈኑበት ጨርቅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። «አሁን ሙሉውን ብንሰጠው እውነትም ቤቱን ያቃጥለዋል፣ እማዬ» አለ። አየሁት፤ ልክ ነው። ልክ የሆነን ነገር ልክ አይደለም አልልም። «ዝጋው» አልኩት።

ማሂ የክብሪት ቤት የሚያህል አዲስ አዳፕተር ተገዝቶላት ቅዳሜ ከአባቷ ጋር አሌክሳንድሪያ ሄደች፤ ማሽኗም ባንድ ጊዜ ውሃ ቀዳች። አሁን በሶብላውም ጤና አዳሙም እኔ ኖርኩ አልኖርኩ አረንጓዴ ናቸው። ሣጥኑን አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍንጫዬን ወደ ተበሳሳው ጎኑ ሳስጠጋ ሽታው ነበረበት፤ የሞቀው ቫርኒሽ፣ አቧራው፣ ከቀዳዳው ማዶ የሚመጣው ጭስ ሁሉ። እየቀነሰ ሄደ። ትናንት ሳሸተው እንጨት ብቻ ነው። ከዚያ ግቢ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ለጋሽ በላቸው ልክ ነበርክ የሚለው አፍ የተገኘው እሱም፣ የፈረዱበትም፣ አንገታቸውን የደፉትም ካለፉ በኋላ፣ እሱን በማያውቅ አገር፣ በአንዲት ልጅ አፍ ነው። ሰውየው ያን ያህል ትልቅ ነገር አልለመነም ነበር፤ ነቅለው እንዲያዩለት ብቻ ነው የጠየቀው።